በረዶ ላይ «እኔን» አይባልም

ልጄ ለመጀመሪያ የስኬቲንግ ውድድሯ ስትዘጋጅ ከእሷ እግር ይልቅ ሰው ያስቸገረው የእኔ አፍ ነበር። በቀልድ አይደለም የምለው፤ አሰልጣኟ ራሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው የነገረችኝ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ «እኔን» ይባላል። ታስቦበት የሚባል ነገር አይደለም፣ ከአፍ ያመልጣል። የሐበሻ ሱቅ በበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የምሠራበት የሐበሻ ልብስ ሱቅ በር ላይ የዛፍ ሥር የእግረኛውን መንገድ ሲሚንቶ ገንጥሎ ቀና አድርጎታል፤ ስልኩን እያየ የሚመጣ ሁሉ እዚያች ጋ ሲደርስ ይንገዳገዳል። የሱቁ ባለቤት እትዬ ከስፌት መኪናቸው ኋላ፣ እኔ ከመደርደሪያው ሥር ሆነን ቀኑን ሙሉ «እኔን፣ እኔን» ስንል እንውላለን። ፈረንጅ ይሁን ሐበሻ አንለይም። ሐበሻው «ክፉ አይንካችሁ» ብሎ ያልፋል፤ ፈረንጁ ዞር ብሎ ያየናል፣ አንዳንዱ ደግሞ የጠራነው መስሎት ይገባል። እንዲህ ገብታ ነጠላ ገዝታ የወጣች ሴት አለች።

ልጄ ስኬቲንግ የጀመረችው የክፍል ጓደኛዋ ልደት አዳራሽ ውስጥ ባለ የበረዶ ሜዳ ላይ ስለተከበረ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። አባቷ ኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዳው፤ ኑሯችንም ለዚያ ብለን ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኢንግልዉድ ነው። «በረዶ ከፈለግን ድሮውኑ ሚኒሶታ አንገባም ነበር?» ብሎ ሳቀባት። «ይሄን የመሰለ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ብርድ ፍለጋ ድራይቭ እናድርግ?» ሲስቅባት ከረመና ከሁላችንም ቀድሞ የተሸነፈው እሱ ሆነ። የራሷን የስኬቲንግ ጫማ ያገኘላት እሱ ነው፣ ከአንድ ደንበኛው ቤት፣ ያገለገለ።

መጀመሪያ ልምምዷን ያየሁበትን ጠዋት መቼም አልረሳውም። ትምህርት ቤት ሳይገባ መጨረስ ስላለባት ጎህ ሲቀድ ደረስን። ውጭው ሹራብ እንኳ አያስፈልገውም፤ በሩን ስንከፍተው ግን ብርዱ ፊቴን መታኝ። በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ገና መውጣቱ ነበር። ሜዳው እርጥብ እርጥብ ብሎ፣ አንድ ጭረት ሳይኖርበት፣ የጣሪያውን መብራት ሁሉ ይዞ ተኝቷል። ልጄ ከጫማዋ ሥር ካለው ብረት ላይ ሽፋኑን አወለቀችና ገባች። የእርምጃ ነገር የለም፣ ብቻ ሄደች። ብረቱ በረዶውን ሲቆርጠው ሽርርር የሚል ድምፅ አለው፤ በዚያ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እስከ ዳር ይሰማል። ወልጄ፣ አጥቤ፣ ጸጉሯን እየሠራሁ ያሳደግኳትን ልጅ አታውቂያትም ያለኝ ሰው ቢኖር እጣላው ነበር። አላውቃትም ነበር። እንደቆምኩ አማተብኩ። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ይዤ መሄድ ጀመርኩ፤ ተጠቅልዬ ቁጭ ብዬ አያለሁ፣ ባየኋት ቁጥር ይገርመኛል፣ አልጠግብም።

አሰልጣኟ ሽበታም ሴት ናት፤ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ወሬ የማታበዛ። ሥራ ሲያስደስታት ጭንቅላቷን አንዴ ነቅነቅ ታደርጋለች፣ በቃ። ልጄ ለዚያች ንቅነቃ ትሞታለች። አንድ ቀን «ለጀማሪዎች ውድድር አለ፣ ትግባ» አለችን። ውድድር ማለት ፕሮግራም ማለት ነው፤ ዝላዩም ሽክርክሪቱም በየቦታው ተቀምጦ ከዜማ ጋር የተሰፋ አጭር ጨዋታ። ጀማሪ ስለሆነች ዝላዮቿ ትንንሽ ናቸው አሉ። ትንንሽ ለእነሱ ነው፤ ለእኔ አየር ላይ ያለ ልጅ አየር ላይ ያለ ልጅ ነው።

ሌሎቹ ልጆች የፊልም ሙዚቃ መረጡ። የእኔዋ፣ አባቷ መኪና ውስጥ የሚያዳምጠው ቃል የሌለው የክራር ዜማ ካልሆነ አለች። አሰልጣኟ ሰማችው፣ ደገመችው። በጣቷ ጠረጴዛ እየመታች ልትቆጥረው ሞከረች፣ አልሆነላትም። እነሱ የለመዱት አቆጣጠር ዜማውን መሀል መንገድ ላይ ይጥለዋል። «የቱ ጋ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እሁድ እሁድ ከመዝሙር ጋር እንደምናጨበጭበው፣ ጠበቅ ላላ እያደረግኩ አጨበጨብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «እንደገና» አለች። ደገምኩላት። ከዚያ እኔ ከዳር ቆሜ እያጨበጨብኩ፣ እሷና ልጄ በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ ቦታ ቦታውን አስያዙት፦ ጠበቅ ሲል ዝላይ፣ ላላ ሲል አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ መንሳፈፍ፣ ወደ ማለቂያው ክራሩ ሲፈጥን ሽክርክሪት። አንድ ቦታ ላይ ልጄ ማንም ሳይነግራት ትከሻዋን ሰበቅ አደረገች። አሰልጣኟ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ትከሻሽ አይንቀሳቀስ» ስትላት የኖረች ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ቆም ብላ አየቻትና «እሱ ይቆይ» አለች። እንዴት እንደኮራሁ። ያ ፕሮግራም በእጄ የተሠራ ያህል ተሰማኝ፤ ለባለቤቴ ስነግረው መዳፌ ገና ቀይ ነበር።

ጉዱ የፈላው ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር በሙዚቃ ማስኬድ ሲጀመር ነው። ስኬቲንግ ላይ መውደቅ ያለ ነው፤ ዋንጫ በዋንጫ የሆኑትም ይወድቃሉ። ሙዚቃው ግን ማንንም አይጠብቅም። የወደቀ ሰው ቶሎ ተነስቶ ዜማው የደረሰበት ጋ መግባት አለበት፤ ተቀምጦ ዙሪያውን ማየት፣ መሀል ላይ መተው፣ ትልቁ ጥፋት እሱ ነው። ልጄ ደግሞ ሁለተኛው ዝላይ ላይ ትወድቃለች። ስትወድቅ እኔ ከወንበሬ «እኔን» እላለሁ። «እኔን» ስል እሷ እዚያው ቁጭ እንዳለች ወደ እኔ ትዞራለች። ምን ታድርግ? «እኔን» የተባለ ልጅ ወደ እናቱ ነው የሚሄደው፤ የተመታው ይታሽለታል፣ ይሳማል፣ የመታው በር ሳይቀር ይመታለታል። እንዲህ ነው ያሳደግኳት። በረዶ ላይ ተቀምጣ አንገቷን አዙራ እኔን ስታይ፣ ክራሩ ያለ እሷ ይሄድ ይሄድና ያልቃል። ካልወደቀች ፕሮግራሙን ትጨርሳለች። ወድቃ የጨረሰችበት ቀን ግን አንድም አልነበረም።

አሰልጣኟ ጥቂት ቀን ታገሰች። ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ዳር መጣችና «ያ የምትዪው ቃል ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«እኔን ይምታኝ ማለት ነው» አልኳት። «በአንቺ ፈንታ እኔ ልሁን።»

«ግን የወደቀችው አንቺ አይደለሽም» አለች።

ደሜ ፈላ። ልጄ ወድቃ ዝም ልበል፣ የእናት አፍ ቧንቧ ነው እንዴ የሚዘጋ፣ አልኳት። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይሻለዋል። እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ልጅቷ ወድቃ መጨረስ ካልቻለች ከውድድሩ ብናስወጣት ይሻላል አለችኝ። ሰው ሁሉ ፊት መሀል ላይ ቆማ ከቀረች፣ ሁለተኛ በረዶ ላይ እግሯን ላታነሳ ትችላለች፤ እንዲህ ሆነው የቀሩ ልጆች አውቃለሁ አለች። እስኪለይላት እኔ ሜዳውን ከመግቢያው ከሚለየው መስታወት ውጭ፣ መክሰስ የሚሸጥበት ጋ እንድቀመጥ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ። «ማሚ፣ እባክሽ» አለች፤ «መወዳደር እፈልጋለሁ።» እኔ ከአሰልጣኟ ጋር እልህ ስጋባ፣ ልጄ ከእጇ ሊያመልጣት ያለውን ነገር ነበር የምታየው። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከመስታወቱ ኋላ የብረቱም የክራሩም ድምፅ አይመጣም። ልጄ ስትወድቅ አያለሁ፣ አፌ እንደ ልማዱ «እኔን» ይላል፣ ናቾስ የሚሸጠው ሰውዬ ብቻ ዞር ይላል። እሷም ስትወድቅ መጀመሪያ የምታየው እኔ የነበርኩበትን ባዶ ወንበር ነው። አይታ አይታ፣ ዘግይታ ትነሳለች። አንዳንዴ ዜማውን ትደርስበታለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣታል። አንጀቴን በላችው። አሰልጣኟ ግን መነሳቷን አየችና ከውድድሩ አላስወጣቻትም።

አንድ ቅዳሜ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ ጫማ ተከራይቼ እኔው ገባሁ። ያ «አንቺ አይደለሽም» ያለችኝ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እስቲ እኔ ልሁን ብዬ መሰለኝ። ልጄ እጄን ይዛ ከዳሩ አላቀቀችኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ስቀልድ፣ ሳልጨርሰው ሁለቱም እግሮቼ ጥለውኝ ሄዱ። በዳሌዬ ወደቅኩ። በረዶ ሲያዩት ለስላሳ ነው፤ ሲወድቁበት ሲሚንቶ ነው። ተጋድሜ «እኔን» የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ። ሰው በጎኔ ያልፋል፣ ሕፃናት ይዞሩኛል፣ ማንም ምንም አላለኝም። ልጄ ጎንበስ አለችብኝ።

«እጅሽን ሰብስቢ፣ ጣትሽ ላይ እንዳይሄዱበት» አለችኝ። «ጉልበትሽ ላይ ሁኚ። ኦኬ፣ አሁን አንዱን እግር አቁሚ። ሁለቱንም እጅ ጉልበትሽ ላይ። ሶ፣ ግፊና ተነሺ።»

አልጎተተችኝም፣ አላቀፈችኝም። ቆማ ጠበቀችኝና ተነሳሁ። ዳሌዬ ለብዙ ቀን ጠቁሮ ከረመ፤ የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ይህች ልጅ በየጠዋቱ እዚህ ላይ ነው ስትወድቅ የኖረችው። እዚህ ላይ ወድቃ፣ ተነስታ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍል ገብታ ሒሳብ ትሠራለች። ማታ ማታ ቅባት ስቀባት ጉልበቷ ላይ የማየው ሰማያዊ በለዝ ሁሉ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሰው ታላቁን እንደሚፈራ ፈራኋት።

ቀሚሷን እትዬ ሰፉላት። ጨርቁ የሚለጠጥ ነው፣ እንደ ሁለተኛ ቆዳ የሚሆን፤ እሳቸው ግን «ጥበብ የሌለበት ልብስ አስለብሼ ሰው ፊት አላወጣትም» ብለው ወገቡን በጥጥ ጥበብ ዙሪያውን ገጠሙት። ጥጥ መቼ ይለጠጣል። ልጄ ለብሳው ሱቁ ውስጥ እግሯን ወደ ኋላ ስትዘረጋ ከወገቧ ጣቅ ብሎ ተተረተረ። እትዬ እስኪያነቡ ሳቁና ፈትተው ጥበቡን ወደ አንገቱና ወደ እጅጌው ጫፍ ወሰዱት። አሰልጣኟ ደግሞ የተንጠለጠለውን ክር ሁሉ አስቆረጠችው፤ ከልብስ ላይ አንድ ነገር በረዶው ላይ ከወደቀ ነጥብ ይቀነሳል። «ለክርም ቅጣት አላቸው?» አሉ እትዬ። በጣም ነው የከበዳቸው።

ውድድሩ ሲቃረብ ልጄ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። «ከመስታወቱ ኋላ አይሆንም፣ ማሚ። ውስጥ ሁኚ። አንቺ ከሌለሽ አልገባም» አለችኝ። አሰልጣኟ ወደ እኔ ዞረች። «አፌን እይዛለሁ» አልኳት። ቃል መግባት ቀላል ነው። ሌሊት በህልሜ እንኳ «እኔን» እያልኩ ባለቤቴን እቀሰቅሰው ነበር።

ችግሩ ደግሞ እኔ ብቻ አልሆንኩም። እትዬ ወሬውን ፌርፋክስ ላይ ከሱቅ ሱቅ አዳርሰውት ኖሮ፣ በዕለቱ ሰው እንደ ሠርግ መጣ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አሉ፣ የባለቤቴ የታክሲ ጓደኞች አሉ፤ ነጠላ ያጣፋ፣ ጋቢ የደረበ፣ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ የያዘ። አንድ ረድፍ ጢም አድርገን ሞላን። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠው ያዩናል። ተነስቼ በረድፉ ፊት ቆምኩ።

«አደራችሁን፣ ብትወድቅ ማንም እኔን እንዳይል» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ እትዬ።

«ዝም ነው የሚባለው፣ እትዬ። ድምፃችንን ከሰማች ወደ እኛ ዞራ ትቀራለች፤ ከቀረች ደግሞ ሁለተኛ በረዶ ላይ አትገባም።»

«ልጅ ወድቃ ዝም ሊባል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ጊዜ ለዘብ አሉ። «ይሁን፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እዘጋለሁ።»

«እልልታስ ይፈቀዳል?» አለ አንዱ የታክሲ ሹፌር።

«ሲያልቅ» አልኩት።

ተራዋ ደረሰ። አሰልጣኟ በሩ ጋ ሁለት እጇን ይዛ የሆነ ነገር አለቻትና ለቀቀቻት። ሽርርር ብላ መሀል ላይ ደርሳ ቆመች። ያ ሁሉ ሜዳ ለአንዲት ቀጭን ልጅ። ክራሩ ጀመረ። የመጀመሪያውን ዝላይ ዘላ አረፈች። እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ ተንሳፈፈች፤ የእጅጌዋ ጥበብ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትከሻዋን ስትሰብቅ ከኋላዬ አንዱ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ድምፅ ግን አላወጣም።

ሁለተኛው ዝላይ ላይ ወደቀች። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ባለቤቴ ክንዴን ጨመደደኝ። እኔ ምላሴን ነከስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ደም ቀመስኩ። ያ ሁሉ ሐበሻ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ወድቆ ዝም ብሎ የማያውቅ ሕዝብ፣ ዝም አለ። ክራሩ ብቻውን ይሄዳል። ልጄ እጇን በረዶው ላይ እንዳደረገች ወደ እኛ ዞረች። ዓይኗ ፈለገን፣ ግን አላገኘንም። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ሆነች፣ አንዱን እግሯን አቆመች፣ ተነሳች።

በጭብጨባዬ የተሠራ ፕሮግራም ስለሆነ የቱ ጋ እንደደረስን አውቃለሁ። ወደ ኋላ ቀርታለች። ዜማው ወደ ሽክርክሪቱ እየፈጠነ ነው፣ እሷ ገና ከወዲያኛው ጫፍ ናት። ሽክርክሪቱን ልሥራ ብትል ማለቂያው ያመልጣታል፤ ክራሩ ቆሞ እሷ መሀል መንገድ ላይ ትቀራለች። ይሄን እኔ ዛሬ ቁጭ ብዬ ነው የማስበው፤ እሷ እየሄደች አሰበችው። ሽክርክሪቱን ተወችው። ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን፣ ስንት ጠዋት ያለቀሰችበትን ሽክርክሪት ትታው፣ እጆቿን ዘርግታ ሜዳውን በሰፊው ዞረች። ማንም ያላስተማራት ዙር ነው። ክራሩ ሲፈጥን ፈጠነች፣ ላላ ሲል ላላ አለች፣ የመጨረሻዋ ምት ስትመታ መሀል ላይ ደርሳ ቆመች። ከዜማው ጋር እኩል ጨረሱ።

አሰልጣኟን አየኋት፤ በሩ ጋ ቆማ አፏን በእጇ ሸፍናለች። ረድፋችን እልልታውን ለቀቀው፣ ዳኞቹ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ፣ ቁጭ አልኩ። ይሄን ከማን ተማረችው? ከእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔ መጋረጃ ለመግዛት እንኳ ሁለት ሰው ሳላማክር አልወስንም። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ሙዚቃ እያባረራት፣ ያቺ ትንሽ ልጅ የምትተወውን መርጣ ተወች። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሜዳልያ አላገኘችም። ሽክርክሪት የጎደለው ፕሮግራም ሜዳልያ አያመጣም፣ እሷም ታውቀው ነበር። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብተን እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ተንበርክኬ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመርኩ። ፊቷ ቀልቷል፣ ላቧ ገና አልደረቀም።

«ማሚ፣ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«እዚያው ነዋ። ከአባትሽ አጠገብ።»

«ዛሬ ከመሀል ሆኖ ፊት አይለይም፣ የውድድሩ መብራት ዓይን ውስጥ ይገባል» አለች። «ስወድቅ ድምፅሽን ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሶ፣ ወጥተሽ የሄድሽ መሰለኝ።»

አንደኛውን ጫማ አወለቅኩላት። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማንም የለም አልኩ። ተነሳሁ።»

እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የደከምነው፣ ምላሴን የነከስኩት ለዚህችው «ተነሳሁ» ነበር። ደስ አለኝ፣ ጥላኝ ሄደች ብላ መነሳቷ ደግሞ አመመኝ፤ እንባዬን እንዳታይ አንገቴን ደፍቼ ሌላኛውን ጫማ መፍታት ጀመርኩ።